«ደጋሚ» ላለመባል፤ የጂማትን ፈተና እንደገና መውሰድ መቼ ያዋጣል?

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አላወራም። ስለ ፈተና ነው የምጽፈው። ፈተና ስል የስደትን ኑሮ ማለቴ አይደለም፤ እርሱማ ሳንመዘገብም በየቀኑ እንፈተነዋለን። የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ለመግቢያ የሚጠይቁትን፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው የሚወስዱትን ጂማትን ማለቴ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ አንዱን ለይቼ ካልተናገርሁ በስተቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው መስከረም አንድ እሑድ ማታ ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ስልክ ደወለችልኝ። በአዘቦት ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሌላ ሥራ አላት። ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «ጋሼ፣ ወደቅሁ» አለችኝ። ከደረጃ የወደቀች መስሎኝ ክው አልሁ። ኋላ ሲጣራ ጂማት ተፈትና 595 አምጥታ ነው።

«ለመሆኑ ማለፊያው ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ዝም አለች። ዝም ማለቷ ትክክል ነበር፤ ጂማት ማለፊያ የሚባል ነጥብ የለውም። እርሷ ግን 700 የሚል ቁጥር ከሰው ሰምታ፣ ከዚያ በታች የመጣውን ሁሉ ውድቀት አድርጋ ይዛው ነበር። ከዚያ አስከትላ ሁለት የሚቃረኑ ነገሮችን በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። በአንድ በኩል «ነገ ጠዋት ተነሥቼ እንደገና እመዘገባለሁ» ትላለች፤ በሌላ በኩል «ደጋሚ ከምባል ትምህርቱ ጥንቅር ይበል» ትላለች።

ይህቺ «ደጋሚ» የምትለው ቃል ናት ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገችኝ። እኛ ያደግነው በማትሪክ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት በጥቂት ቀናት ይመዘንና ውጤት ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። ያለፈው ዶሮ ይታረድለታል፤ ያላለፈው ለወራት ከቤት አይወጣም። በክፍል ውስጥ ደግሞ «ደጋሚ» ስድብ ነበር፤ ወላጅ ልጁን «ከደጋሚ ጋር አትቀመጥ» ብሎ ይመክር ነበር። ዛሬም ቢሆን አገር ቤት ነገሩ አልቀለለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ፈተና ያደገ ሰው፣ ቁጥር በመጣበት ቁጥር የራሱ ልክ የተነገረው ቢመስለው አይፈረድበትም።

ከዚህ አስተዳደግ ሁለት ዓይነት ሰው ሲወጣ አይቻለሁ። አንደኛው ሁለተኛ ቢፈተን በግልጽ የሚያዋጣው ሆኖ ሳለ በእልህም በኀፍረትም ይተወዋል። ሁለተኛው ደግሞ ለማመልከቻው የሚበቃ ውጤት በእጁ ይዞ፣ ያቺን አንዲት ክብ ቁጥር ካላለፍሁ ብሎ ሦስቴ አራቴ ይፈተናል። ሁለቱም ቁጥሩን የሰውየው ልክ አድርገው ወስደውታል። ለትምህርት ቤቱ ግን ቁጥሩ በአንድ ማመልከቻ ውስጥ ካሉት ወረቀቶች አንዱ ነው፤ ከትራንስክሪፕቱ፣ ከሥራ ልምዱ፣ ከድጋፍ ደብዳቤውና ከጽሑፎቹ ጎን የሚቀመጥ። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «እኔ 595 ነኝ ወይ?» ሳይሆን «ይህ ወረቀት በሌላ ቢተካ የማመልከቻዬ ዕጣ ይለወጣል ወይ? ደግሞስ በሚቀጥለው ጊዜ የተሻለ ይመጣል የምልበት ምክንያት አለኝ ወይ?» የሚለው ነው። ሁለቱም መልስ «አዎ» ከሆነ መድገም ነው። አንዱ እንኳ «አይደለም» ከሆነ ገንዘብንም ቅዳሜንም መቆጠብ ይሻላል።

እኔ ይህን ያወቅሁት በገንዘቤ ነው። በ2008 ጂማት ተፈትኜ 610 አመጣሁ። ያን ጊዜ ማታ ማታ ታክሲ እነዳ ስለነበር ያጠናሁት ተሳፋሪ በምጠብቅበት ሰዓት፣ መጽሐፉን መሪው ላይ አስደግፌ ነው። ውጤቱን ኮምፒውተሩ ላይ ሳየው ተናደድሁ። ያኔ ደንቡ ከአንዱ ፈተና እስከ ሌላው 31 ቀን መጠበቅ ግድ ይል ነበር፤ እኔም ጠብቄ በአምስተኛው ሳምንት ተመልሼ ገባሁ። በመሐል የጨመርሁት ነገር ቢኖር ንዴት ብቻ ነው። ያመጣሁት 600 ሆነ። የምዝገባው ዋጋ በወቅቱ 250 ዶላር ስለነበር፣ ዐሥር ነጥብ ለማስቀነስ 250 ዶላር የከፈልሁ ሰው ነኝ ማለት ነው። ይባስ ብሎ ያኔ የውጤቱ ወረቀት ባለፉት አምስት ዓመታት የተፈተኑትን ሁሉ ዘርዝሮ ያሳይ ነበር። ሁለቱም ቁጥር ጎን ለጎን ተጽፎ ሄደ። ትምህርት ቤቱ በ610 ተቀበለኝ፤ ስለ 600ው ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ዐሥር ነጥቡ ለምን ቀነሰ? ደንቁሬ አይደለም። ማንኛውም ፈተና ሚዛን ነው፤ ሚዛን ደግሞ ይወዛወዛል። የእህል ነጋዴ አንዱን ኩንታል ሁለት ጊዜ ቢመዝነው ትንሽ ልዩነት ያገኛል፤ ኩንታሉ ግን ያው ነው። ጂማትን የሚያዘጋጀው ጂማክ የተባለው ድርጅት ራሱ፣ የጠቅላላ ውጤቱ የመለኪያ ስሕተት ከ30 እስከ 40 ነጥብ እንደሚደርስ ይገልጻል። በቀላል አማርኛ፣ ዕውቀቱ ምንም ሳይለወጥ አንድ ሰው ዛሬ 595፣ ከወር በኋላ 625 ወይም 565 ሊያመጣ ይችላል። የጥያቄው ዕድል፣ የሌሊቱ እንቅልፍ፣ የመጣለት የንባብ ምንባብ፣ ሁሉም የራሱን ድርሻ ያዋጣል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው። ሳያጠና የሚደግም ሰው ሎተሪ እየቆረጠ ነው። ሎተሪውም ለሁሉም እኩል አይወጣም። በመጀመሪያው ቀን ክፉ ዕድል የገጠመው ሰው ሲደግም ወደ ትክክለኛ ልኩ ከፍ የማለት ዕድል አለው። በመጀመሪያው ቀን የቀናው ደግሞ ሲደግም ዝቅ ማለቱ ይበዛል። አንዱን ከሌላው የሚለየው ከእውነተኛው ፈተና በፊት የተወሰዱት የልምምድ ፈተናዎች ናቸው። ጂማክ ሁለት ሙሉ የልምምድ ፈተና በነጻ ይሰጣል፤ ተጨማሪዎቹን በክፍያ ይሸጣል። የአክስቴን ልጅ በመጀመሪያ የጠየቅኋት ይህንኑ ነው። «በልምምድ ስንት አምጥተሽ ነበር?» «605 እና 585።» በሉ እንግዲህ፤ 595 ልክ በመሐላቸው ነው። ክፉ ቀን አልገጠማትም፤ ሚዛኑም አልዋሻትም። በልምምድ 655 አምጥታ በፈተናው ቀን 595 ቢመጣባት ኖሮ «ሦስት ቀን ተኝተሽ ተመለሽና ተፈተኚ» እላት ነበር። አሁን ግን ጥናት ካልጨመረች ምንም እንደማይለወጥ ግልጽ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፤ ያንኑ የልምምድ ፈተና ሁለተኛ ወስዶ «ወደ 665 አድጌያለሁ» ማለት ራስን ማታለል ነው፤ ያየኸው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣልና።

ቀጥሎ የ700ውን ተረት ማፍረስ ነበረብን። ጂማት በኅዳር 2023 መልኩን ለውጧል፤ አሮጌው በጥር 2024 መጨረሻ አከተመ። አሮጌው ከ200 እስከ 800 የሚሄድ፣ ውጤቱ ሁልጊዜ በዜሮ የሚያልቅ ነበር። አዲሱ ከ205 እስከ 805 ነው፤ ሁልጊዜም በ5 ያልቃል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ሰዎች ሁለቱን እንዳያምታቱ ነው። ምክንያቱም ቁጥሮቹ የሚመስሉ ቢሆኑም ሚዛኑ ሌላ ነው። ጂማክ ባወጣው ማነጻጸሪያ መሠረት የድሮው 700 ከአዲሱ 645 ጋር ይቀራረባል። ከተፈታኞች ሁሉ የት ላይ ትቆማለህ የሚለውን ካየን፣ አዲሱን 645 ያመጣና ድሮ 700 ያመጣ ሰው ጎረቤታሞች ናቸው። የአክስቴ ልጅ 595 እንግዲህ በድሮው ሒሳብ 640 አካባቢ መሆኑ ነው።

ይህን ያልተረዳ ሰው ምን ያደርጋል? የትምህርት ቤቱን ገጽ ይከፍታል፣ የቀድሞ ተማሪዎችን አማካይ ውጤት ያያል፣ የራሱን አዲስ ቁጥር ከአሮጌው አማካይ ጋር ያወዳድራል፣ ወዲያው ተስፋ ይቆርጣል። የጂማት ውጤት የሚያገለግለው ለአምስት ዓመት ስለሆነ፣ በአሮጌው ውጤት የሚያመለክቱ ሰዎች እስከ 2029 መጀመሪያ ድረስ አይጠፉም፤ ስለዚህ ሁለቱም ዓይነት ቁጥር በየገጹ መታየቱ ይቀጥላል። ከማወዳደራችሁ በፊት መጨረሻው ዜሮ ነው ወይስ 5 ብላችሁ አጣሩ። ሌላው ደግሞ «መካከለኛ» የሚለው ቃል ነው። ሐርቫርድ በ2024 ላስገባው የኤምቢኤ ክፍል የድሮው ጂማት መካከለኛ ውጤት 740 ነበር። ሰው ይህን ያነብና «ሐርቫርድ 740 ይጠይቃል» ይላል። መካከለኛ ማለት ግን ግማሾቹ ከዚያ በታች ሆነው ገብተዋል ማለት ነው። ከመካከለኛው ይልቅ፣ ትምህርት ቤቱ ካወጣው፣ የመካከሉን 80 በመቶ ተማሪ ውጤት ከየት እስከ የት እንደሆነ ማየት ይጠቅማል። ውጤትህ በዚያ ክልል ውስጥ ካለ ቁጥሩ በር አይዘጋብህም። ከክልሉ በታች ከሆነ ደግሞ ሌላው ወረቀትህ በጣም ጠንካራ መሆን አለበት፤ አለዚያ መድገም አለብህ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ከጠቅላላው ቁጥር ጀርባ ያሉት ሦስት ክፍሎች ናቸው። የዛሬው ጂማት ሦስት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ነው። ሒሳቡ 21 ጥያቄ፣ ንባብና ሙግቱ 23፣ ዳታ ኢንሳይትስ የሚሉት የመረጃ ክፍል ደግሞ 20 ጥያቄ አለው። እያንዳንዱ ክፍል ከ60 እስከ 90 ይመዘናል፤ በጠቅላላ ውጤቱ ላይ ሦስቱም እኩል ክብደት አላቸው። እኩል የሚለው ላይ አስምሩበት። በአሮጌው ፈተና ሠንጠረዥና ግራፍ የሚነበብበት ክፍል ከ2012 ጀምሮ ቢኖርም ከጠቅላላው ውጤት አይቆጠርም ነበር፤ ስለዚህ አብዛኛው ሰው ችላ ይለው ነበር። ዛሬ ሲሶውን ይዟል።

የአክስቴ ልጅ ውጤት ሲዘረዘር ሒሳብ 83፣ ንባብና ሙግት 81፣ የመረጃው ክፍል 74 ነበር። ይህን ባየሁ ጊዜ «በምን መጽሐፍ አጠናሽ?» አልኋት። የገመትሁት አልቀረም። የወንድሟ ጓደኛ ከዐሥር ዓመት በፊት የተጠቀመበትን መጽሐፍ ነው፤ ከእርሱ በፊትም አንድ ሌላ ሰው ተጠቅሞበታል። እኛ ሀበሾች መጽሐፍ አንጥልም፤ ለወገን እናወርሳለን፤ መልካም ባህል ነው። ነገር ግን ያ መጽሐፍ ግማሽ ጉልበቷን የጨረሰባት በዓረፍተ ነገር እርማትና በጂኦሜትሪ ላይ ነው። ሁለቱም በአዲሱ ፈተና የሉም! የመረጃውን ክፍል በተመለከተ ደግሞ መጽሐፉ ያለው ጥቂት ገጽ ብቻ ነው። ምስኪኗ ልጅ ስለ ሦስት ማዕዘን ስታጠና ሁለት ወር ከርማለች።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። የሦስቱ ክፍሎች ድምር ከ180 እስከ 270 ይሄዳል፤ 90 ነጥብ ስፋት ነው። ጠቅላላው ደግሞ ከ205 እስከ 805 ነው፤ 600 ነጥብ ስፋት። ስለዚህ በአንድ ክፍል ላይ የተጨመረች አንዲት ነጥብ በጠቅላላው ላይ ከ6 እስከ 7 ነጥብ ገደማ ታመጣለች። ሒሳብን ከ83 ወደ 86 ማሳደግ ለብዙ ሰው አድካሚ ነው፤ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ዳገቱ ይከብዳል። ያልተነካውን የመረጃ ክፍል ከ74 ወደ 80 ማምጣት ግን በጥቂት ሳምንት ትክክለኛ ጥናት የሚቻል ነው፤ በጠቅላላውም 40 ነጥብ ያህል ይጨምራል። ከዚህ በላይ «ለመድገም ምክንያት አለኝ» የሚያሰኝ ነገር ምን ይኖራል? ደካማው ክፍል ታውቋል፤ የደከመበት ምክንያትም ታውቋል፤ መድኃኒቱም አለ። እንዲያውም ይህን ለማወቅ እኔን መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፤ ከውጤቱ ጋር አብሮ የሚመጣው ዝርዝር በየትኛው የጥያቄ ዓይነት እንደተሸነፉና ጊዜያቸውን የት እንዳጠፉ ያሳያል። ብዙ ሰው ጠቅላላውን ቁጥር ካየ በኋላ ተናዶ ይዘጋዋል።

በተቃራኒው ሦስቱም ክፍል 80፣ 80፣ 79 ቢሆንና በአግባቡ ሦስት ወር ተጠንቶ የመጣ ቢሆን ምክሬ ሌላ ነበር። እዚያ ላይ በቀላሉ የሚሞላ ጉድጓድ የለም። ሁሉንም ጥቂት ጥቂት ማሳደግ ይጠይቃል፤ ያም ብዙ ወር ነው። እንግሊዝኛን ከአማርኛ ቀጥሎ ለተማርን ሰዎች በተለይ የንባቡ ክፍል በስድስት ሳምንት አይገፋም። የሰዋስው ጥያቄ ቀርቷል፤ አሁን የሚፈተነው ረጅም ምንባብ በፍጥነት ማንበብና የሌላውን ሰው መከራከሪያ ቀዳዳ ማግኘት ነው። ይህ የሚዳብረው ዓመቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ በማንበብ ነው። ሰውዬው ሥራው፣ ዜናው፣ ቀልዱ ሁሉ በአማርኛ ከሆነ በመጽሐፍ ብዛት አይመጣም። ይህን ስል አማርኛ አታንብቡ ማለቴ አይደለም፤ ይህን ጽሑፍ ማን ያነብልኛል!

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ውጤቱ ቢለወጥ የማመልከቻው ዕጣ ይለወጣል ወይ የሚለው፣ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የተለየ ነው። ዱባይ የሚኖር አንድ ኢንጂነር ወዳጅ አለኝ። ከሥራው ሳይወጣ ለሚማርበት ፕሮግራም ብሎ ጂማትን ሁለት ጊዜ ተፈተነ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከጠበቀው በታች ሆነበት። ለሦስተኛው ሊመዘገብ ሲል ለትምህርት ቤቱ ጻፈላቸው። መልሱ በሥራ ልምዱ ብዛት የተነሣ ፈተናው እንደማያስፈልገው የሚገልጽ ነበር። የማያስፈልገውን ፈተና ሁለቴ የወደቀ ሰው እርሱ ነው ብለን እስከ ዛሬ እንቀልድበታለን። ከ2020ው ወረርሽኝ ወዲህ በተለይ የማታና የሥራ ሰዎች ፕሮግራሞች በርከት ብለው ፈተናውን በጥያቄ ይምራሉ፤ ልምድ ላላቸው ሰዎችም ኤግዜኪዩቲቭ አሰስመንት የሚባል አጠር ያለ ፈተና አለ። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ጂአርኢን በጂማት ፈንታ ይቀበላሉ፤ ሆኖም ጂአርኢ የቃላት ዕውቀትን አጥብቆ ስለሚፈትን ለኛ ዓይነቱ ሰው ሁልጊዜ ማምለጫ አይሆንም። ለማንኛውም አንድ ኢሜል ከ275 ዶላር ይረክሳል።

በሌላ በኩል ቁጥሩ ከመግቢያ በላይ የሚፈለግበት ቦታ አለ። የትምህርት ቤቶችን ደረጃ የሚያወጡ መጽሔቶች የተማሪዎቹን የፈተና ውጤት ይቆጥራሉ፤ ዩኤስ ኒውስ አንዱ ነው። ስለዚህ ጥሩ ቁጥር ያለው አመልካች ለትምህርት ቤቱም ይጠቅመዋል፤ ስኮላርሺፕ ሲታደል ይህ ነገር ሊታይ ይችላል። የአክስቴ ልጅ ያለችበት ሁኔታ ይህ ነበር። የምታመለክትበት ፕሮግራም በ595ም ሊያስገባት ይችላል። ነገር ግን ያለ ስኮላርሺፕ ብትገባ ክፍያውን አትችለውም፤ አገር ቤት እናቷን የምትጦር እርሷ ብቻ ናት። ለእርሷ ጥያቄው ክብር ሳይሆን ገንዘብ ነው። ስለዚህ 40 ነጥቡ ትርጉም አለው።

እንግዲህ ወጪውን እንቁጠር። አሜሪካ ውስጥ በፈተና ጣቢያ 275 ዶላር፣ ከቤት በኢንተርኔት 300 ዶላር ነው፤ በሌላ አገር ዋጋው ሊለያይ ይችላል። ከአንዱ ፈተና ወደ ሌላው ቢያንስ 16 ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በ12 ወር ውስጥ ከአምስት ጊዜ በላይ አይፈቀድም። ኀፍረቱን በተመለከተ ደግሞ ዘመኑ ተሻሽሏል። እንደኔ ጊዜ ሁሉም ቁጥር ተዘርዝሮ አይሄድም፤ ተፈታኙ ውጤቱን ካየ በኋላ የትኛውን እንደሚልክ ራሱ ይመርጣል፤ ያልላከውን ትምህርት ቤቱ አያየውም። ቢያየውም አብዛኞቹ የሚወስዱት ከፍተኛውን ነው። «ደጋሚ» ብሎ የሚሰድብ ካለ እንግዲህ የራስ አእምሮ ብቻ ነው።

ትልቁ ወጪ ግን ጊዜ ነው። ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚቀበሉት በዙር ነው፤ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው በመስከረም፣ ሁለተኛው በጥር መጀመሪያ፣ ሦስተኛው በመጋቢትና ሚያዝያ ይዘጋል። ወደ ሦስተኛው ዙር ከተንሸራተትን ቦታውም ገንዘቡም ተሟጦ ነው የምንደርሰው። ጂማት ሲደገም ደግሞ በዚያው ወር ጽሑፎቹ መጻፍ አለባቸው፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው አለቃም መለመን አለበት። ለ30 ነጥብ ብሎ ጽሑፉን በአንድ ሌሊት የጻፈ ሰው አንዱን ወረቀት አሳምሮ ሌላውን አበላሽቷል። በኛ ኑሮ ላይ ደግሞ ሠርጉ፣ ለቅሶው፣ ክርስትናው፣ ማኅበሩ አለ። ቅዳሜ ለቅሶ አልሄድሁም ጂማት ነበረብኝ ብሎ ማስረዳት ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ስም አንድ ነገር ልናገር፤ ብዙ ወገን የተጎዳበት ነውና። ሲመዘገቡ የሚሞላው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። የኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ሆኖ ሳለ አንዱ ሰነድ ላይ አያት፣ ሌላው ላይ አባት የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል፤ የእንግሊዝኛው አጻጻፍም እንደጸሐፊው ነው። በሩ ላይ ስሙ ካልገጠመ ተፈታኙ ይመለሳል፤ የከፈለውም ገንዘብ ይቀራል። ከመክፈላችሁ በፊት ፓስፖርቱን ጎን አስቀምጡ።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ያደረገችው ይኸው ነው። አሮጌውን መጽሐፍ አስቀመጠችው፤ «ለማንም እንዳትሰጪው» ብዬ አስጠንቅቄያታለሁ። የቅዳሜና እሑድ ሥራዋን ለስድስት ሳምንት ተወችው። ያንን ወር ለእናቷ የላከችው ገንዘብ ከወትሮው ያነሰ ነበር፤ ምክንያቱንም ደውላ ነገረቻቸው። እርሳቸውም «ማትሪክ እንደገና ያስወስዳሉ እንዴ?» አሏት። በየማታው አንድ ሰዓት ተኩል ሠንጠረዥና ግራፍ ብቻ ሠራች፤ ሒሳቡንና ንባቡን እንዳይደርቅ ያህል በሳምንት አንዴ ነካካችው። በመሐል ያልተነካ የልምምድ ፈተና ገዝታ 630ዎቹ ውስጥ ስትገባ፣ በኅዳር ተመዝግባ ተፈተነች። ሒሳብ 83፣ ንባብና ሙግት 81፣ መረጃ 79፤ ጠቅላላ 625።

ያን ዕለት ማታ ደወለች። አሁንም ሰላምታ የለም። «ጋሼ፣ ሦስተኛ ልውሰድ? 645 ለመግባት 20 ብቻ ቀረኝ» አለች። እንደገና ወረቀትና እርሳስ ያዝን። ከልምምዷ ጋር ይገጥማል ወይ? ይገጥማል። የቀረ ጉድጓድ አለ ወይ? እንደመጀመሪያው ያለ የለም። 20 ነጥብ ከሚዛኑ መወዛወዝ ያንሳል ወይ? ያንሳል። ትምህርት ቤቱ ካወጣው ክልል ውስጥ ገብታለች ወይ? ገብታለች። ማመልከቻው የሚዘጋው መቼ ነው? በጥር የመጀመሪያ ሳምንት። ጽሑፉስ? ዝም አለች።

ጽሑፉ ገና ሁለት አንቀጽ ነበር። ትናንት ሦስተኛውን ላከችልኝ፤ ከአዲስ አበባ ስትመጣ የመጀመሪያ ሥራዋ ስለነበረው የመኪና ማቆሚያ ጣቢያ ይናገራል። የሌሊቱ ሒሳብ ሁልጊዜ ለምን እንደሚጎድል በአንድ ደብተር ላይ መዝግባ እንዴት እንደደረሰችበት ጽፋለች። ሁለት ቦታ ላይ አርሜ መለስሁላት።